ስምንተኛው ዳዶ

የጋራዥ ሰፈሩ ሰው መካኒኩን «አንዴ» ብሎ ነው የሚጠራው። ሌሎቹ መካኒኮች ሥራ ሲጨርሱ ደንበኛውን «ሦስት ቀን ንዳና ተመለስ፣ ብሎኑ ላላ ስለሚል ደግመን እናጠብቀዋለን» ይሉታል። እሱ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ይስቃል። «እኔ አንዴ ነው የማጠብቀው። መመላለስ ለሐኪም ቤት ነው» ይላል አፉን ሞልቶ። በዚህች ንግግር ሃያ ዓመት ኖረባት። ብረት ግን ጉራ አይሰማም፤ ጭነት ሲያርፍበት ይላላል፣ አለቀ።

ማክሰኞ ዕለት የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ አናጢው፣ ፒክአፑን ይዞ መጣ። የኋላው ዝቅ ብሎ ኮረኮንች ላይ ሆዱ እየተጋጨ አስቸግሮታል። መካኒኩ አንዴ መኪናዋን በክሪክ አነሳና በአክሰሉና ጭነቱን በሚሸከመው በባሌስትራው መሀል፣ ግራና ቀኝ፣ አንድ አንድ ድፍን የብረት ማስነሻ አስገባ። ቁመት ሲጨምር ሁለቱን አቅፎ የሚያስረው ካቫሎት፣ ያ እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈው ብሎን፣ ረዘም ማለት አለበት። አራት ያስፈልጉታል። መለዋወጫ ሱቁ ያለው ሦስት ብቻ ነው፤ አራተኛው ነገ ይገባል።

ነገ ተመለስ ማለት ለእሱ ሞት ነው። ከቁርጥራጭ ሣጥኑ አንድ አሮጌ ካቫሎት አወጣ፣ አንዱ ጫፉ ጥርሱ የተበላ። በአራቱ ካቫሎት ስምንት ጫፍ ላይ ከሚገቡት ማጥበቂያ ዳዶዎች ሰባቱ ጥርቅም አሉ። ስምንተኛው ጠበቅ አለና ለስለስ ብሎ ዞረ። እጁ ወዲያው አወቀ። ምላሱ ግን «አለቀ ጋሼ፣ ንዳ» አለ።

ረቡዕ ለራሱ «ማታ እደውልለታለሁ» አለ፤ ሐሙስም እንዲሁ። ሰው ስሙን ላለማስነካት የሰው ነፍስ ሲያስይዝ ቀን መቁጠሩ አይገርምም?

ዓርብ ጠዋት ሚስቱ ፀጉሯን እያሰረች «ወንድሜ ዛሬ ቁም ሣጥን ጭኖ ቁልቁለቱን ይወርዳል» አለችው። «እማማንም ይዟቸው ይሄዳል፣ ዓይናቸውን ለሐኪም ሊያሳይ።»

ደወለ፤ አይነሳም። የብሎን መፍቻውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሮጠ።

ሲደርስ ቁም ሣጥኑ በገመድ ታስሯል። አማቱ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጋቢና ተቀምጠዋል።

«ምነው፣ ልትሸኘን ነው?» አለ አናጢው።

«እስቲ ከሥር አንዴ ልየው።»

«አንዴ አይተኸው የለም እንዴ?» ጫኞቹ ሳቁ።

ከመኪናው ሥር ተጋድሞ ገባ። ስምንተኛው ዳዶ በሁለት ጣት ዞረለት። ማስነሻው ከቦታው አንድ ጣት ያህል ሸርተት ብሏል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ አክሰሉ ከቦታው ሸሽቶ መኪናዋ መገልበጧን አሰበና ዓይኑን ጨፈነ። «መንገድ ነው ያላላው» ቢል ማን ያውቅበታል? ማንም። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ በመኪናው ሥር ግን የአማቱ ጫማ ከጋቢናው ሲወርድ ታየው።

ወጥቶ ቆመ። «ጋሼ፣ መንገዱ አይደለም። አሮጌ ብሎን ነው ያሰርኩልህ። ያኔም እንዳልያዘ አውቄአለሁ።»

አናጢው ቁም ሣጥኑን፣ ቀጥሎ እናቱን አየ። «ማክሰኞ አውቀህ? ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።»

«አዎ።»

«በሉ አውርዱት» አለ ለጫኞቹ፤ ለእሱ ጀርባውን ሰጥቶ ገመዱን ይፈታ ጀመር። ይሄ ከስድብ ባሰበት።

ሱቅ ሄዶ አዲሱን ካቫሎት አምጥቶ እስኪያስር እኩለ ቀን ሆነ። አማቱ በር ላይ በርጩማ አስወጥተው ሲመለከቱት ቆዩ። ጨርሶ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ «አሁንስ አለቀ?» አሉት።

«አላለቀም እማማ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሜ አጠብቀዋለሁ።»

ይህን ቃል በሃያ ዓመት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ማውጣቱ ነው።

አሮጊቷ ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ቤት ዞሩ። «እንግዲያው እኔም ከሦስት ቀን በኋላ ነው የምሳፈረው» አሉ። «ዓይኔ ይቆየኛል።»