ጥምጥም የማያሳልፍ አንገት

ሹራብ መሥራት መንፈስን ያረጋጋል ይባላል። አያረጋጋም። እኔ የማውቀው ሹራብ ወገብ ያሳምማል፣ ያነጫንጫል፣ ከዘመድ ያጣላል። ባለፈው ክረምት የሠራሁት ደግሞ አንድ ቄስ ሊያንቅ ነበር።

ሞላሌ ከተማ አጠገብ የምትኖረው አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ የበጎቿን ጠጉር ስትፈትል ኖራለች። ዓይኗ ሲደክም የመጨረሻውን ጥቁር ፈትል ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ለመምሬ ሹራብ ሥሪላቸው። እኔ ከእንግዲህ እንዝርት አልጨብጥም።»

መምሬ ባሏ ናቸው። ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከጓሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ደረታቸውን ይይዛቸዋል። እኔም በሜትር አንገታቸውን ለካሁ፣ ደረታቸውን ለካሁ፣ ክንዳቸውን ለካሁ። ሹራቡን ከፊቱ ድፍን አድርጌ ስጨርስ መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ የሚታይ ኩራት ተሰማኝ።

ሊሞክሩት እጃቸውን አስገቡ፤ ጭንቅላታቸው ግን መሐል መንገድ ላይ ቀረ። ጥምጥማቸው አላልፍ ብሎ ነበር። ከሹራቡ ውስጥ «እግዚኦ!» የሚል ድምፅ መጣ። አክስቴ እግራቸውን፣ እኔ እጅጌውን ይዘን አወጣናቸው።

«ጥምጥሙን ፈትተው ቢለብሱትስ?» አልኩ።

«እሺ፣ ለበስኩት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያቃጥለኝስ ላወልቀው ብዬ ገበያ መሐል ቆሜ ጥምጥሜን ልፍታ? የሠርግ ድንኳን ነው እንዴ፣ የሚተከል የሚነቀል?» አሉ መምሬ።

ከዚያ አጣጥፈው ሣጥን ላይ አስቀመጡትና ያን የተረገመ ቃል ተናገሩ፦ «በጣም ያምራል። ለበዓል አቆየዋለሁ።»

የአክስቴ ፊት ጠቆረ። የእኛ አገር ሰው ልብስን በስድብ አይገድልም፤ በምስጋና ነው የሚገድለው። የመጨረሻ ፈትሏ ሣጥን ገብቶ ብል ሊበላው ነው።

መተርተር አይሞከርም፤ የበግ ጠጉር አንዴ እርስ በርሱ ከተያያዘ ሲጎትቱት ይበጠሳል። የቀረው አንድ መንገድ ነበር፤ ከአንገት እስከ ታች ሰንጥቆ ቁልፍ ያለው ማድረግ።

«መቀስ? በፈትሌ?» አለች አክስቴ። «አንቺ ልጅ፣ መጽሐፍ አበዛሽ!»

ተከራከርን። በመጨረሻ፣ እንደ ባና፣ እንደ በግ ጠጉር ብርድ ልብሱ፣ ክሩ እንዲጣበቅ መጀመሪያ ይረገጥ ብላ ተስማማች። ለብ ባለ ውኃ ነከርነውና ገንዳ ውስጥ ተራ በተራ ረገጥነው። መምሬም ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ።

«ቀስ ይበሉ፣ እህል አይደለም የሚያበራዩት!» አለቻቸው አክስቴ።

«ከበሬ ጋር የተጋባሽው አንቺ ነሽ» አሉና ረገጣቸውን ቀጠሉ።

ሲደርቅ ወፍሮ ጠብቋል። መሐሉ ላይ፣ መቀሱ በሚያልፍበት ግራና ቀኝ፣ ሁለት መስመር ስፌት አስገባሁና መቀሱን አነሣሁ። አክስቴ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«የፈተልኩት እኔ ነኝ።»

ዓይኗ ስፌቱን አያይም፤ በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ቀስ ብላ ሰነጠቀችው። መምሬ አማተቡ። ዳሩን ጎተትኩት፤ አንድም ክር አልተፈታም። በጥቁር ጨርቅ ቀምቅሜው ቁልፍ ተከልኩበት።

በማግሥቱ ጥምጥማቸው ሳይነካ ለብሰውት ሞላሌ ገበያ ወጡ። ፀሐይ ሲበረታ ከፈቱት፣ ደመና ሲመጣ ቆለፉት፤ ሰው እንዲያያቸው ጥቂት አብዝተው ከፈቱ፣ አብዝተው ቆለፉ መሰለኝ። አንዱ ነጋዴ «መምሬ፣ ከየት ገዙት?» ቢላቸው «አይሸጥም፤ ማግባት ነው ያለብህ» አሉት። አክስቴ ይህን ስትሰማ እየሳቀች፣ አንድ ነጭ በግ ሳይሸለት መቅረቱን አስታወሰች። ዓይኗ አልዳነም፤ ጣቷ ግን አልታመመም።

እናንተም ሣጥናችሁ ውስጥ «ለበዓል» ያላችሁት፣ ሰው በእጁ የሠራላችሁ ግን የማይሆናችሁ ልብስ አለ። ዛሬ አውጡት፣ ወደ ሠራው ሰው ውሰዱና «አልሆነኝም፣ አስተካክልልኝ» በሉ። ምስጋናችሁን ተዉና ልበሱት።