ቁርጥ አባቱን

ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን ልንገራችሁ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የመጀመሪያ ልጃችንን ወልጄ አራስ ነበርኩ። ሊያርሱኝ የመጡት አማቴ ልጁን ባዩት ቁጥር፣ «ይሄ አፍንጫ ከየት መጣ? በኛ ዘር የለም» ይላሉ። ባለዲግሪው ባሌም እየተደበቀ የልጁን አፍንጫ ማጥናት ጀመረ።

በዚያ ላይ ወተቴ እምቢ አለ። አማቴ ይህን ከሰሙ ጉድ ሊፈላ ነው። ደግነቱ በግድግዳ የምንዋሰነው የባለሱቁ ሚስት ነኢማም አራስ ነበረች። አማቴ ጓዳ ሲገቡ፣ አልጋው ባዶ እንዳይሆን የራሷን ልጅ አጠገቤ አስተኝታ የኔን ቤቷ ወስዳ ታጠባልኛለች።

አንድ ቀን ታዲያ ሳትመልሰው አማቴ ድንገት መጥተው ነጠላውን ገለጡት። የተኛው የነኢማ ልጅ ነው።

«እሰይ! ዛሬ ገና መልኩ ወጣ! ቁርጥ አባቱን!» ብለው እልል አሉ።

ባሌ እየሮጠ መጣና ሕፃኑን አቅፎ፣ «አላልኩሽም እማዬ? አፍንጫውን እዪው!» አለ።

እኔ አፍሬ አቀረቀርኩ። ይኼኔ ከግድግዳው ወዲያ ልጄ ማልቀስ ጀመረ።

አማቴ ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ኤጭ! ያቺን ጎረቤትሽን ‹ልጅሽን ዝም አሰኚ› በያት፤ የልጅ ልጄን ሊቀሰቅስብኝ ነው!»