ከአፍንጫው ማዶ የተንጠለጠለች ዓይን

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከተማ የሚያቃጥል ሰው መረቅሁ። ምን ላድርግ፤ ነጭ ሱፍ ለብሷል፣ ፊቱን ወደኛ መልሶ ፈገግ ይላል። ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ «እግዜር ይጠብቅህ የኔ ልጅ» አልሁት።

የልጅ ልጄ ሰላማዊት በሣቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። «አባባ! እሱ እኮ ነው ክፉው!»

«ታዲያ ያ ፊቱን ሸፍኖ በጣራ ላይ የሚሮጠውስ?»

«እሱማ አዳኙ ነው።»

በኛ ጊዜ ፊቱን ሸፍኖ በጣራ የሚሄድ ሰው የዶሮ ሌባ ነበር። ሰላማዊት እንደ የኔታ ታስተምረኝ ጀመር፦ ክፉው ሲመጣ ሙዚቃው ይጎረንናል፣ ብርሃኑ ከሥር ይመጣል፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ አይጠፋም።

«ይኸኛው ጠባሳ የለውም» አልኋት።

«እሱ እንደ እርስዎ ያለውን ለማታለል ነዋ!»

ኀፍረቴን ልደብቅ ዞር ብዬ መስኮቱን ተደገፍሁ። ለካ ጧት ቀለም ተቀብቶ ኖሯል። ትከሻዬ ሰማያዊ ሆነ፤ ሽታው ግን ይዞኝ ወደ አለቃ ስንሻው ነጎደ።

አለቃ ስንሻው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። የደብራችንን የመቅደስ ግድግዳ ሊሥሉ ከጋዝጊብላ በበቅሎ መጥተው እኛ ቤት አርፈው ነበር። በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና ሲያወሩ የሚስቁ፣ በአማርኛ ሲያወሩ የሚኮሳተሩ ሰው ናቸው። የተልባ ዘይትና የቆዳ ሙጫ ይሸታሉ፤ ቀለማቸውን በባዶ የቲማቲም ጣሳ ይበጠብጣሉ፤ ሲያስቡ ጺማቸውን ስለሚያሹ ጺማቸው አንዱን ቀን ቀይ፣ ሌላውን ቀን አረንጓዴ ነው። ያኔ ልጅ ነኝ፤ ውኃ የማመላልስላቸው እኔ ነበርሁ።

«ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የሚሣል፣ በሁለት ዓይኑ ያይሃል» ይሉኝ ነበር። «ከሓዲ ግን በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ይበቃዋል። ፊደል ያልቆጠረም ሰው ማን ማን እንደሆነ ከደጃፍ ይለያል።»

ከዚያ ወዲያ ሰቆጣ ገበያ ስላክ የሰው ዓይን ስቆጥር መዋል ሆነ ሥራዬ። የጨው ነጋዴው ሚዛን ሊያነሣ ዘወር ሲል ከሓዲ፣ ሲመለስ ጻድቅ ይሆንብኝና ግራ ገብቶኝ እገባለሁ።

ከግድግዳው ግርጌ፣ ከኔ ቁመት ትክክል፣ ጻድቁን በገመድ የሚጎትት አንድ ወታደር ነበር። አንድ ዓይኑን ሳይ አንጀቴን በላው። ድንጋይ ቢያደናቅፈውስ? አለቃ ለምሳ ወጣ ሲሉ ከሰል አነሣሁና ሁለተኛ ዓይን ሰጠሁት። በጎን ለተሣለ ሰው ሁለተኛዋ የት እንደምትቀመጥ ስላላወቅሁ ከአፍንጫው ማዶ አየር ላይ አንጠለጠልኋት።

እንዳለመታደል መጀመሪያ ያዩት የደብሩ ገበዝ ናቸው። አለቃ ሲመለሱ ጠብቀው ጮኹ፤ «ከሓዲ በሁለት ዓይን? ንግሥ ደርሷል፤ ሕዝቡ ይህን ሊሳለም ነው? ወይ ያጥፉት፣ ወይ ጣሳዎን ጭነው ይሂዱ!»

እኔ ከከበሮዎቹ ኋላ ተሸጉጫለሁ። አለቃ በኔ ሰበብ ሊባረሩ ነው፤ እኔንም ገበዙ ሊገርፉኝ ነው።

ከሰል እኮ ናት፤ በእጅጌያቸው ጠረግ ቢያደርጓት ትጠፋለች። አለቃ ግን አልጠረጓትም። ከከበሮው ጫፍ ብቅ ያሉትን ጥቁር ጣቶቼን አዩና ጺማቸውን አሹ።

«የኔው ሥራ ነው» አሉ። «ሰውዬው መዞር ጀምሯል።»

«ወዴት?»

«ወደሚጎትተው ሰው ነዋ። ፊቱን ቢያይ ምናልባት ይመለስ ይሆናል። የተመለሰ አላዩም፣ አባቴ?»

ገበዙ ወታደሩን ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩና «ዞሮ እስኪጨርስ እኔ አልሳለመውም!» ብለው ወጡ።

አለቃ ብሩሻቸውን ነክረው ለዓይኗ ጉንጭ ሠሩላት፤ ወታደሩም ፊቱ ግማሽ ዞረ። ገመድ የያዘ እጁን ግን ፍቀው በነጭ መስመር ብቻ ተዉት።

«ዓይን ያልህ አንተ ነህ» አሉኝ። «እንግዲህ ገመዱን ይልቀቅ፣ አይልቀቅ፣ አስበህ ንገረኝ። እጁን ያን ጊዜ እሠራዋለሁ።»

እኔ ሳልነግራቸው ንግሡ አለፈ፤ ሌላ ደብር ሊሥሉ ወደ አበርገሌ ወረዱ። ሳይመለሱ እዚያው ዐርፈው ተቀበሩ ሲባል ሰማሁ።

የወታደሩ እጅ እስካሁን መስመር ነው። አንዳንድ እሑድ ፊቱ ቆሜ «ይልቀቅ» እላለሁ፤ ስወጣ ባጃጅ ጭቃ ይረጨኝና ሐሳቤን እለውጣለሁ። ለመጪው እሑድ ሰላማዊትን ይዣት ልሄድ ነው። ያለ ሙዚቃ ትለየው እንደሆን እናያለን። እኔማ የአለቃ ስንሻው አንድ እጅ አለብኝ።