ትከሻው አዳማ የሚገጠም ሹራብ

ከአዳማ በወጣሁበት ምሽት እኔና እትዬ ጽጌ የተለያየነው ተቃቅፈን እያለቀስን አይደለም፤ በሻንጣ እየተጨቃጨቅን ነው። እሷ በርበሬና ሽሮ ትጨምራለች፣ እኔ ክር እጨምራለሁ። እሷ ክሩን ታወጣለች፣ እኔ ሽሮውን አወጣለሁ። ልጇ ናሆም ውጭ ከኮንትራት ታክሲው አጠገብ ቆሞ "አክስቴ፣ በዚህ አያያዝ አውሮፕላኑ ያመልጥሻል!" እያለ ይጮኻል።

"ሰው ወደ በግ አገር ክር ይዞ ይሄዳል?" አለችኝ እትዬ ጽጌ። "ባቱ ሐይቅ ዓሣ ጭኖ እንደሚሄድ ነጋዴ መሆንሽ ነው እኮ።"

"ሽሮውንስ ማን ይበላዋል?"

"አንቺ! እያለቀስሽ ትበዪዋለሽ!"

በመጨረሻ ሁለቱም ገባ፤ የቀረው የእኔ ጫማ ነበር። ቦሌ እስክደርስ ያለቀስኩት ለጫማዬ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እትዬ ጽጌ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ወንጂ ሸንኮራ ሰፈር እያለን ስለሞተች ያሳደገችኝም፣ ሹራብ መሥራት ያስተማረችኝም እሷ ናት። አዳማ ላይ ሹራብ የሚሠራ ሰው ደህና ሰው እንደማይባል ታውቃላችሁ። ከተማው ከረፋድ ጀምሮ ይጋገራል፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ይታከካል፣ እኛ ሁለት እህትማማቾች በረንዳ ላይ ወፍራም ክር ጭናችን ላይ ከምረን እንሠራለን። ጎረቤታችን ጫልቱ በበሩ ባለፈች ቁጥር "አካም! ዛሬም እናንተ ቤት በረዶ ጣለ?" ትለናለች። ለአዳማ ሰው ሳይሆን ለደራ ገበያ ነው፣ ከአርሲ ደጋ የሚወርደው ሰው ይገዛናል እንላለን። ይሄ ለሰው የምንሰጠው ምክንያት ነበር። እውነቱ ግን እጄ ሥራ ካልያዘ ጆሮዬም ሰው አይሰማም።

አሠራራችን የተከፋፈለ ነው። ፊቱን፣ ጀርባውንና እጅጌዎቹን እኔ እሠራለሁ፤ የምትገጥመው እሷ ናት። መጀመሪያ ትከሻውን ትይዛለች፣ እጅጌው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ደፍሬ ራሴ ብገጥም፣ ብርሃን ላይ ዘርግታ አየችውና "ለጎባጣ ሰው ነው የሠራሽው?" ብላ ፈትታ ጣለችው። ከዚያ ወዲህ አልሞከርኩም።

ስሄድ ስኳሯ አስቸግሯት ነበር፤ እግሯ ያብጣል። "ሁለት ዓመት ሠርቼ መጥቼ አይሻለሁ" አልኳት። "ነይ፤ ግን በቁሜ እያለሁ ነይ" አለችኝ፣ ከሱቅ ጨው እንደማዘዝ ቀለል አድርጋ።

የመጣሁት ሰሜን ጀርመን ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው፤ አረጋውያን መጦሪያ ልሠራ። አዳማ አስተማሪ ነበርኩ፣ እዚህ ሽማግሌ አጥባለሁ። እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ፤ ሽማግሌዎቹ ከአሥረኛ ክፍል ተማሪ የተሻለ ያዳምጣሉ። ስሜ እዚህ ፍራው ተፈራ ነው። ተፈራ አባቴ ነው። ወይዘሮ አባቴ ሆኜ እኖራለሁ።

አከራዬ ፍራው ክሩገር ውል ከማስፈረሟ በፊት መስኮት አከፋፈት አስተማረችኝ። ሉፍተን ይሉታል። በጥር ብርድ መስኮቱን ወለል አድርገሽ ከፍተሽ ቤቱን ታቀዘቅዢዋለሽ፣ ከዚያ ዘግተሽ በገዛ ገንዘብሽ መልሰሽ ታሞቂዋለሽ። አዳማ ላይ ነፋስ ለማግኘት መስኮት የምንከፍት ሰዎች ይህን ሥልጣኔ ለመረዳት ጊዜ ይፈጅብናል።

"ፍራው ተፈራ፣ ደረጃው ላይ ሽታ አለ" አለችኝ በሁለተኛው ሳምንት።

"ሽሮ ነው።"

"ምን ያህል ይቆያል?"

"እስኪበላ ድረስ።"

እሑድ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ምስማር መምታት፣ ጠርሙስ መጣል፣ ልብስ በማሽን ማጠብ አይቻልም፤ ሩሄ ነው፣ ጸጥታ ማለት ነው። አዳማ እሑድ ማለት ከሦስት ቸርች የሦስት መዘምራን ድምፅ አንድ መስኮት ላይ የሚጋጭበት ቀን ነው። "ሹራብ መሥራትስ ይፈቀዳል?" ብዬ ለቀልድ ጠየቅኳት። ሴትየዋ አሰበችበት። "መርፌው የብረት ነው?" አለችኝ።

የሹራብ ፍቅሬን ስታውቅ ግን ደስ አላትና ሽትሪክ ካፌ ይዛኝ ሄደች። ሴቶች ተሰብስበው ኬክ እየበሉ ሹራብ የሚሠሩበት ቦታ ነው። አንዷ ገና ከመቀመጤ መርፌዎቹን ከእጄ ወሰደችና ጣቶቼን አንድ በአንድ እየያዘች እንዴት እንደሚያዝ አስተማረችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን እንደ ሕፃን ተማርኩ።

"በእናንተ አገር ክር አለ?" አለችኝ።

"የለም። ከሸንኮራ አገዳ ነው የምንሠራው።"

"ናህሃልቲሽ!" አለች በአድናቆት። አካባቢን የማይጎዳ ማለት ነው። ጠረጴዛው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ለማረም አልቸኮልኩም።

ክሩን በተመለከተ ላማ አልችልም። ሱቁ ስገባ ልቤ ሊጠፋ ነበር፤ ያን ሁሉ ልስላሴ እትዬ ጽጌ ብትነካው ብዬ ጣቴን ደጋግሜ ሰደድኩ። ሴቶቹን ግን አልወደድኳቸውም። ለመንፈስ እርጋታ ነው የምንሠራው ይላሉ፤ ዝም ብለው ይቆጥራሉ። እኛ ሹራብ የምንሠራው ሰው ለማማት ነበር። ደግሞ እዚያ እያንዳንዷ የራሷን ጀምራ የራሷን ትጨርሳለች። ማንም ለማንም አይገጥምም።

በሁለተኛው ክረምት እትዬ ጽጌ ስልክ ላይ መምጣት አቆመች። መጀመሪያ ድምጿ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ተኝታ ነበር። ከዚያ ቸርች ነበረች፣ ከዚያ አሁን ገና ወጣች፣ ከዚያ ደግሞ ተኛች። ናሆም በየጊዜው "ደህና ናት፣ አክስቴ፣ ምንም አትጨነቂ" ይለኛል። ምንም አትጨነቂ ሲባል የማይጨነቅ ሐበሻ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ልሄድ ተነሳሁ። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ስለነበር፣ ያለ እሱ ከወጣሁ መመለስ የለም። አስቸኳይ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ልጠይቅ ወደ ቢሮው ሄድኩ።

"ምክንያት?" አለኝ ሰውየው።

"እህቴ ታማለች።"

"የሐኪም ማስረጃ ይዘዋል?"

"ልጇ ደህና ናት ነው የሚለኝ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ደህና ከሆነች አስቸኳይ አይደለም።"

"ደህና ናት የሚለኝ እኮ ደህና ስላልሆነች ነው።"

"ፍራው ተፈራ፣ ይህን እንደ ማስረጃ ልይዘው አልችልም። የሞት ጉዳይ ከሆነ በዚያው ሳምንት እናስተናግድዎታለን።"

"እኔ የምፈልገው ከዚያ በፊት ነው።"

"ከዚያ በፊት ላለው መደበኛ ቀጠሮ ነው" አለኝ። መደበኛው ቀጠሮ በረዶው ካለፈ በኋላ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ስወጣ በሩን ከፈተልኝ። በሕይወት ያለን ሰው ለማየት መቸኮል እሱ ጋ መደብ የሌለው ጉዳይ ነው፤ ሌላ ጥፋት የለበትም።

እጄ ባዶ መቀመጥ ስላልቻለ ሹራብ ጀመርኩላት። ከሱቁ ክር ሁሉ የመረጥኩት ዝናብ ሊጥል ሲል ያለውን ሰማይ የሚመስል ግራጫ ነው። በባቡር ሄጄ በትልቁ ከተማ ካለው የሐበሾች ቸርች ውስጥ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አገኘሁ። ሰውየው ቀኑን አስቀደመና ፊቱና ጀርባው ብቻ ሲደርስ ሊሄድ ሆነ። ይሁን፣ ትከሻውን ትጀምር፣ እጅጌዎቹን በሌላ ሰው እልካለሁ ብዬ ሁለቱን ቁራጭ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ናሆም ደወለ።

"አክስቴ፣ ዕቃው ትናንት ማታ ደረሰ! እማዬ እንዴት እንደወደደችው! ዛሬ ለብሳው ቸርች ሄደች።"

"ለብሳው?"

"አዎ! ሰው ሁሉ ማን ሠራልሽ ሲላት ነው የዋለው።"

"እጅጌው አላጠራትም?"

"ኧረ ልክክ ነው ያለው! ሰውነቷን ለክተሽ የሠራሽው ነው የሚመስለው።"

እጅጌው ጭኔ ላይ ነበር። አንደኛው አልቋል፣ ሁለተኛው ከክርኑ በላይ ደርሶ መርፌው ላይ አለ።

"ጎሽ፣ እንኳን ልክ ሆናት" አልኩትና ዘጋሁ። ከዚያ የጀመርኩትን ረድፍ ጨረስኩ። ለምን እንደጨረስኩት አትጠይቁኝ።

ስደት ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። የእኛ ሰው ሞትን በስልክ አይናገርም። አገር ቤት ያሉት ወር ሁለት ወር "ደህና ናቸው" እያሉ ይደብቃሉ፤ ከዚያ አንድ ማለዳ ያገር ልጆች ተሰብስበው በርህን ያንኳኳሉ፣ ፊታቸውን ስታይ ትጮኻለህ። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማው ነው ይባላል። እኔ ግን ይህን ልማድ ሳወግዝ ኖሬያለሁ። ለሐዘንተኛው አልተፈጠረም፣ መናገር ለሚፈራው ሰው ነው የተፈጠረው፤ የገዛ እህትህ ሞት ከሰፈርተኛው ሁሉ በኋላ ይደርስሃል፣ አፈር የለበስከው አንተ ይመስል። ዛሬም ሐሳቤን አልለወጥኩም። እኔ ባለሁበት ከተማ ደግሞ በር የሚያንኳኳ ሐበሻ እንኳ የለም።

ስለዚህ በማግስቱ እኔው ደወልኩ። የምናገረውን መስታወት ፊት ተለማምጄው ነበር፤ "ናሆም፣ አውቄዋለሁ፤ ከእንግዲህ አትልፋ፣ መቼ እንደሆነና ምን እንዳለች ብቻ ንገረኝ።" አጭርና ግልጽ ነው።

"ናሆም" አልኩት።

"አክስቴ።" ድምፁ የትናንቱ አልነበረም። "ጥቅልሉን ፈትቼ አየሁት። ትናንት የደወልኩልሽ ሳልፈታው ነበር... አክስቴ፣ ፓስተር እዚህ አጠገቤ ናቸው። ሊያናግሩሽ ይፈልጋሉ። ቁጭ ብለሻል?"

ቆሜ ነበር።

"ሃሎ?" አልኩ።

"አክስቴ፣ ፓስተር..."

"ሃሎ? ናሆም? አትሰማኝም? ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው። ሌላ ጊዜ እደውላለሁ፣ እሺ? እናትህን ሰላም በልልኝ።"

ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። መንገድ ላይ የሚያልፈው ባጃጅ ጡሩምባ ሲያጮህ፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ፓስተሩም ለመናገር ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ሁሉንም ጥርት አድርጌ ሰምቼው ነው የዘጋሁት።