የጋሽ ሽፈራው የመጨረሻ አለንጋ

ባለፈው ጥቅምት እንጭኒ ገበያ ውስጥ አንድ ኮርቻ ሰፊ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። ሰውየው አዲስ ጠፍር በሞራ እያሸ ያለሰልሳል። የጥሬ ቆዳና የሞራ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ሲገባ ሁለቱ መዳፎቼ በራሳቸው ጊዜ ተጨበጡ። የልጅ ልጄ "እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ከሞተ የቆየ ሰው አለንጋ ፈርቼ እጄን ደበቅሁ ልበላት?

ሽታው የጋሽ ሽፈራው ነው። አምቦ ሁለተኛ ደረጃ በምማርበት ዘመን የሂሳብ አስተማሪያችንም የተማሪዎች ተቆጣጣሪም እሳቸው ነበሩ። ረጅም፣ ከሲታ፣ የካኪ ኮታቸው ኪስ በጠመኔ የነጣ ሰው። ከክንዳቸው የማይለይ የጉማሬ አለንጋ ነበራቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው መስኮት ስር ተቀምጠው በሞራ ያሹታል፣ ሽታው እስከ ክፍላችን ይመጣል፣ እኛም ለሰኞ የምንገረፍበት እየተዘጋጀልን መሆኑን አውቀን ቅዳሜያችን ይበላሻል። ያረፈደ ይገረፋል። የቤት ሥራ ያልሠራ ይገረፋል። ጓደኛው ሲገረፍ የሳቀ ደግሞ ከጓደኛው በላይ ይገረፋል።

በዚያ ዘመን ዱላ የሌለበት ቦታ አልነበረም። የከተማ ልጆችና ከደጋው አገር ከጎጆ የሚመጡ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ በድንጋይ ይፈነካከታሉ፤ ሰኞ ጠዋት ራሱን በሻሽ ጠምጥሞ ክፍል የሚገባ ተማሪ ማየት ብርቅ አልነበረም። ጋሽ ሽፈራው ፈንካቹንም ተፈንካቹንም እኩል ይገርፋሉ። ነገር ግን ደንብ ነበራቸው። ለአንድ ጥፋት አንድ ቅጣት። እሳቸው የቀጡትን ማንም አይደግመውም፣ ዳይሬክተሩም ቢሆኑ። ከተማው ይህንን ለምዶት፣ ልጁን ሊቀጠቅጥ ሽመል ይዞ የመጣ አባት እንኳ በር ላይ ቆሞ "ጋሽ ሽፈራው መትተውታል?" ብሎ ይጠይቃል። "አዎ" ካሉት ሽመሉን ምርኩዝ አድርጎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እኒሁ ሰው ናቸው እንግዲህ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ከገጠር መጥተን ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተን ለምንማር ልጆች የማካካሻ ትምህርት የጀመሩት። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ዓይን ፊደል መለየት እስኪያቅተው ድረስ እንግሊዝኛና ሂሳብ ያስጠኑናል። ጥግ ላይ አንድ የቆርቆሮ በርሜል አስቀምጠው ሁላችንም ከቤት ያመጣነውን ስንቅ እዚያ እንድንከት ያደርጉ ነበር። የጎጆ ልጅ ገብስ ቆሎ፣ የእንጭኒ ልጅ ዳቦ ቆሎ፣ እኔ ከአዲስ ዓለም ሽምብራ። ማን ስንት እንዳመጣ አይጠየቅም፣ ሲርበው ሁሉም እጁን ይሰዳል። "ባዶ ሆድ ውስጥ አልጀብራ አያድርም" ይሉናል፤ ወዲያው ደግሞ አፉ በቆሎ ተሞልቶ መልስ የመለሰውን በአለንጋ ጫፍ ትከሻውን ቸብ ያደርጉታል።

ከመካከላችን አንደኛ የሚወጣው ፈይሳ ነበር፣ የጎጆው የኦቦ ለሚ ልጅ። የገብስ ከረጢቱን ተሸክሞ ያንን የጎጆ መንገድ በእግሩ ወርዶ ይመጣል፤ ክረምት ከበጋ አንድ ጋቢ ነው። እወደው ነበር፤ አሁን ብናገረው ማን ይቆጣኛል? ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ይባላል፤ ፈይሳ ግን ሲገርፉትም አያለቅስም። ዓይኑን ከፊቱ ካለው ግድግዳ ላይ ተክሎ ይቆማል። ጋሽ ሽፈራው ደክሟቸው "አንተ፣ እንጨት ነህ?" ብለው ሲተዉት ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ወደ ቦታው ይመለሳል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንደርስ፣ ማትሪክ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ተማሪ ረበሸ። ረብሻው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ደረሰና እየጮኽን ወደ አስፋልቱ ወጣን። ፖሊሶች በቆመጥ ተቀበሉን። አጠገቤ የነበረች ልጅ አፏን ተመትታ ጥርሷን በመዳፏ ይዛ ስትሮጥ አይቻለሁ። አንዱ ልጅ ወድቆ ሦስት ሆነው በጫማ ሲረግጡት፣ ፈይሳ ድንጋይ አነሣ። የመኪናቸው መስታወት ተንኮታኩቶ ስባሪው የመቶ አለቃውን ጉንጭ ቀደደው።

ሸሽተን ትምህርት ቤት ገባን፣ እነሱም ተከትለው ገቡ። የጭነት መኪናቸውን ወደ ኋላ አስጠግተው በሩ ላይ ገተሩት። በዚያ መኪና የተጫነ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፤ ማትሪክም የእግዜር ሰላምታም ቀረ ማለት ነው። ወላጆች ከአጥሩ ውጭ ተሰብስበው ያለቅሳሉ።

ጋሽ ሽፈራው ከቢሯቸው ወጡ።

"ተሰለፉ!" አሉ ባንዲራው ሥር ቆመው።

ከፖሊሱ ይልቅ እሳቸውን መፍራት ለምደናልና ተሰለፍን። ከጫፍ ጀምረው መግረፍ ያዙ። እውነተኛ ግርፊያ ነው፣ ለይምሰል አይደለም፤ ወንዱን ጀርባውን፣ ሴቷን መዳፏን። እኔ ጋ ሲደርሱ "አንቺ የአዲስ ዓለሟ፣ ዘርጊ!" አሉኝ። መዳፌ የእኔ አልመስል አለኝ።

መቶ አለቃው ጉንጩን በመሐረብ ይዞ መጣ። "ምን እየሠራህ ነው አንተ?"

"እየቀጣሁ ነው። ጥፋታቸው አንድ ነው፣ ቅጣታቸውም አንድ። እኔ የቀጣሁትን ሌላ አይቀጣውም።"

ከአጥሩ ውጭ አንድ ሽማግሌ "ዱጋ! እውነት ነው፣ የከተማችን ደንብ ነው!" ብለው ጮኹ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው።

መቶ አለቃው ሕዝቡን አየ፣ ጋሽ ሽፈራውን አየ። ከዚያ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ እግዜር አያሳያችሁ። "ደግ፣ ሌሎቹን ተውኩልህ። መስታወቱን የሰበረውን ግን እዚሁ ፊቴ ምታው። ሲያለቅስ ካየሁ ይቀራል። ካላለቀሰ ይሳፈራል።"

አንዱ ፖሊስ ፈይሳን በጣቱ አሳየ። የሰልፉ ሁሉ ወገብ ተቆረጠ፤ ፈይሳ እንደማያለቅስ የማያውቅ አልነበረም።

ሸሚዙን አስወልቀው የባንዲራውን እንጨት አስያዙት። እኔ ከጎኑ ነኝ፣ የአለንጋው ንፋስ ፊቴን ይመታኛል። መጀመሪያ ቆዳው ሰንበር አወጣ፣ ቀጥሎ ተተለተለ፣ ደሙ ሱሪው ላይ ወረደ። ፈይሳ ዓይኑን እንጨቱ ላይ እንደ ተከለ ነው። መቶ አለቃው ሲጋራ አቀጣጠለ።

ያን ጊዜ ጋሽ ሽፈራው በዚያ ሰባራ ኦሮምኛቸው፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ። "ቦኢ፣ ኢልመ ኮ።" አልቅስ፣ ልጄ።

ፈይሳ ጥርሱን ነክሶ "እነሱ ፊት አላለቅስም" አለ።

"ቦኢ፣ ኢልመ ኮ!" እንደገና አወረዱበት። ሥጋ ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ያልሰማው አይስማው። እኔ ጮህኩ፣ እናቶች ከአጥሩ ውጭ ጮኹ፣ እሱ ዝም አለ። ጋሽ ሽፈራው እየገረፉ ዞረው ከፊቱ በኩል መጡ። እንባቸው በጠመኔው አቧራ ላይ እየወረደ ነው፣ እጃቸው ግን አላቆመም። ፈይሳ ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ። ከዚያ እንጨቱን አቅፎ እንደ ሕፃን እየጮኸ አለቀሰ።

መቶ አለቃው ሲጋራውን ረግጦ "በቃ" አለ። መኪናው ባዶውን ሄደ።

ፈይሳን ተሸክመን ፍል ውሃ ወስደን ጀርባውን አጠብንለት። በዚያው ከሰዓት ጋሽ ሽፈራው ወደ ሁሉቃ ወርደው አለንጋቸውን ወንዙ ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ወዲህ በማንም ላይ እጃቸውን አላነሡም።

የማትሪክ ቀን ፈይሳ መቀመጥ አልቻለም ነበር። ቁስሉ እስከ ወገቡ ወርዶ ገና አልደረቀም፤ አግዳሚው ላይ ሲሞክር ላብ አሰመጠው። ጋሽ ሽፈራው ከቤተ ክርስቲያን አትሮንስ ለምነው፣ በትከሻቸው ተሸክመው ከመስኮቱ አጠገብ አቆሙለት። ፈታኙ "በአትሮንስ ማትሪክ?" ብሎ ቢቆጣ "ዳዊት የቻለ እንጨት ፊዚክስ ያቅተዋል?" አሉት። ፈይሳ ቆሞ ተፈተነ፣ ቆሞ አለፈ፣ ከሁላችንም በልጦ። ሲሄድ ግን አልተሰናበታቸውም።

እኔ አስተማሪ ሆንኩ። ጊንጪ ሳስተምር ከአሥር ሰዓት በኋላ ተማሪዎቼን ይዤ እቀር ነበር፣ ጥግ ላይም በርሜል ነበረኝ። አለንጋ አልያዝኩም። ሰዎች ዛሬ "የድሮ አስተማሪ!" ብለው ዱላውን ሲያሞግሱ ደሜ ይፈላል። አለንጋቸውን አልመርቀውም፤ እሳቸውን ግን አነሣቸዋለሁ። ሁለቱ እንዴት አንድ ልብ ውስጥ እንደሚያድሩ አትጠይቁኝ።

ፈይሳ መሐንዲስ ሆኖ አዲስ አበባ ቀረ። አንድ ጊዜ አግኝቼው "ምነው፣ አንድ ቀን እንኳ አትጠይቃቸውም?" አልኩት። "መቱኝ ብዬ አልተቀየምኩም" አለኝ፤ "አስለቀሱኝ።"

ጋሽ ሽፈራው ሲሞቱ ግን መጣ። ጠጉሩ ሸብቷል። ለቀስተኛው ደረቱን ሲደቃ እሱ ከመቃብሩ ራቅ ብሎ፣ ዓይኑን ከሳጥኑ ላይ ተክሎ፣ ያኔ እንደማውቀው ሆኖ ቆመ። አፈሩ መውረድ ሲጀምር አጠገቡ ሄድኩ። በዚያ በጋሽ ሽፈራው ሰባራ ኦሮምኛ፣ ቀስ ብዬ፣ "ቦኢ፣ ኢልመ ኮ" አልኩት።

ዞሮ ፊቴን አየ። ከዚያ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ አለቀሰ፣ ማንም ሳይመታው።