ምንም ያልደረሰበት ሱሪ

የጋሽ ሜትር ችግር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ በማይታጠፍ እግር የእግር ስፌት መኪና እንዴት ይሠራል?

ልብስ ሰፊ ናቸው። ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ደንበኛ የለም። አምና አንድ ሚኒባስ ቀኝ ቁርጭምጭሚታቸውን ሰበረው። አጥንቱ ገጥሟል፤ መታጠፍ ግን እምቢ አለ። የስፌት መኪና ፔዳል ደግሞ ከተረከዝ ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ተረከዝ የሚመላለስ ርግጫ ይፈልጋል። በግራ ሞከሩት፤ ክሩ ይበጠሳል፣ ስፌቱ ይዘላል። መፍትሔው ሞተር ማስገጠም ነው። ሞተሩ የሚገዛው ካሳው ሲመጣ ነው።

የካሳውን መንገድ አሁን በቃላቸው ያውቁታል። የሕክምና ቦርድ ጉዳቱ ምን ያህል ዘላቂ እንደሆነ በመቶኛ ይጽፋል፤ ጽፏል። የትራፊክ ፖሊስ አደጋው እንዴት እንደደረሰ ይገልጻል፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሾፌሩ «አልነካኋቸውም፤ ራሳቸው ተደናቅፈው ነው» ብሏል። ሪፖርቱም «ወድቀው ተገኙ» ይላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ማስረጃ አምጣ የሚባለው ግን የተወጋው ነው።

ለስድስተኛ ጊዜ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሲሄዱ የካሳ ክፍሏ ሠራተኛ አዘነችላቸው።

«አባባ፣ የዚያን ቀን የለበሱት ልብስ አለ?»

«አለ እንጂ!»

በማግስቱ ሱሪውን አመጡ። ገለባበጠችው፤ ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው።

«ይኼ እኮ ምንም አልሆነም።»

«ሰፍቼው ነዋ ልጄ።»

«የቱ ጋ?»

ሊያሳዩዋት ጎንበስ አሉ። ራሳቸውም ፈልገው አጡት።

የሚኒባሱ ብረት የቀደደውን የሰፉት አልጋ ላይ ሳሉ ነበር። ያኔ ሚስታቸው «አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ተሰብሮ ሱሪ ትጠግናለህ?» ብትላቸው፣ «እግሬንስ ሐኪም ያየዋል፤ ሱሪውን ማን ያየዋል?» ብለው ነበር። አሁን እቤት ገብተው ሲነግሯት ተራው የሷ ሆነ። «ትንሽ አበላሽተህ ብትሰፋው ምን ነበረበት?»

ስፌቱ እንዴት እንዲህ ሊሰወር ቻለ? ይህ ቢያወሩት የማይጠገብ ሙያ ነው። ክሩ ከሱቅ አይገዛም፤ ከራሱ ከሱሪው፣ እግሩ ሥር ወደ ውስጥ ከታጠፈው ጨርቅ አንድ በአንድ ይመዘዛል። ከዚያ በቀጭን መርፌ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያሳለፉ ቀዳዳውን እንደገና መሸመን ነው። ደግሞም ጥሩ ሰፊ የተቀደደውን ጫፍ በመቀስ አይከረክምም፤ ወደ ውስጥ መልሶ ይቀብረዋል። ዋናው ነገር ይኸው ነው! በመቀስ የተቆረጠ ክር ጫፉ እኩል ነው። ብረት ጎትቶ የበጠሰው ግን አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር፣ ጫፉም የተበታተነ ይሆናል።

ጋሽ ሜትር ያ ጫፍ አሁንም ስፌቱ ውስጥ እንዳለ ትዝ ያላቸው ከቢሮው ሲመለሱ፣ ደረጃው ላይ ሊያርፉ ተቀምጠው ነው። ከሚኒባሱ የተላጠ ነጭ ቀለምም ጫፉ ላይ ነበር። ሚስታቸው ግን ሱሪውን ሁለቴ አጥባዋለች።

«ታዲያ እቤት ፍታውና ይዘኸው ሂድ» አለቻቸው።

«ትናንት በምላጭ ቀደደው ቢሉኝስ? ዓይናቸው እያየ ነው የምፈታው።»

ይኸው አሁን ሠራተኛዋ ፋይሎቿን ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ ጠረጴዛዋን ለቃላቸዋለች። የታመመው እግራቸው ወንበር ሥር ተዘርግቷል።

«ብዙ ይቆያል አባባ?»

«ለመስፋት አራት ቀን ፈጅቶብኛል። መፍታቱ ሳይብስ አይቀርም፤ ስሰፋው እፈታዋለሁ ብዬ አላሰብኩማ።»

ሳቀች፤ እሳቸው አልሳቁም። አሥራ አንደኛውን ክር መዝዘው ወረቀት ላይ አስቀመጡ። የተቀበረው ጫፍ ገና አልታየም። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አሥራ ሁለተኛውን በመርፌ ጫፍ መፈለግ ያዙ።