አረንጓዴ ያልነበረው የሽንኩርት ልጣጭ

በልጅነቴ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ውሸታም ተብያለሁ። አልዋሸሁም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ሰሞኑን የልጅ ልጄ ስታጠና መጽሐፏ ላይ ጎን ለጎን የተሳሉ ሁለት ሴሎች አየሁ፤ አንዱ የቅጠል፣ ሌላው የሽንኩርት። ሁለቱም ዙሪያቸውን ግድግዳ፣ ውስጣቸው እንደ ፍሬ ያለ ነገር አላቸው። አረንጓዴው ነጠብጣብ ግን ያለው ቅጠሉ ላይ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ።

ጋምቤላ ገና ክልል የሆነች ሰሞን ነው። ቤተሰቦቼ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔ ከተማ ዘመድ ቤት ተጠግቼ እማር ነበር። ባሮ መሙላት ጀምሯል፤ የወደቀው ማንጎ ሽታ ክፍል ድረስ ይገባል። የአገሩ ተወላጅ ከሆነችው ከአሪየት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። እሷ የተጠበሰ ዓሣ፣ እኔ በቆሎ እያመጣን ተካፍለን እንበላለን።

መምህራችን ለጤና ረዳትነት ሥልጠና በሳይንስ የበለጠችውን አንዲት ልጅ ሊመርጡ ነው። አባቴ ደግሞ «ካልተመረጥሽ ትዳሪያለሽ» ብሎኛል።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለበት ሴል ሥለው፣ ማይክሮስኮፑን መስኮቱ ጋ አስቀምጠው «ያያችሁትን ሳሉ» አሉ። መጀመሪያ እኔና አሪየት ተጠራን። ከባሮ ዳር ያመጣነው የውሃ ሣር ቅጠል አረንጓዴ እህል የተበተነባቸው ክፍሎች ይመስላል። የሽንኩርቱ ልጣጭም እንዲሁ ክፍል በክፍል ነው፤ እህሉ ግን የለም። ሌሎቹ ሳያዩ ደመና መጣና ብርሃኑ ጠፋ።

«አንቺ፣ የሽንኩርትሽ አረንጓዴ የታለ?» አሉኝ ሥዕሌን አይተው።

«ቲቸር፣ የለውም እኮ።»

«የዕፅዋት ሴል ሁሉ አለው! አሪየት፣ አንቺስ ምን አየሽ?»

አሪየት ወደ እኔ ሳትዞር «አረንጓዴ አለው፣ ቲቸር» አለች።

«የሷ ሽንኩርት ታሟል!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም «ስንፍናሽ አንሶ ውሸታም!» ብለው ወረቀቴን መለሱልኝ።

አሪየት ተመረጠች፤ እኔ ተዳርኩ። ሰፈራችን «ለአገሩ ልጅ አድልተው ነው» ብሎ አወራ። እኔ ይህን አላልኩም፤ ፍርድ አላጣምም። የከዳኝ ክልሉ አይደለም፤ ዓሣዋን የበላሁላት፣ በቆሎዬን የበላችልኝ ጓደኛዬ ናት። እንግዳ ሰው ቢዋሽብኝ እረሳው ነበር።

ያንን የልጅ ልጄን መጽሐፍ ይዤ ኢታንግ ከተማ ወረድኩ። አሪየት እዚያ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ፀጉሯ ሸብቷል። ውሃ አቀረበችልኝ፤ ሳልጠጣ ገጹን ገለጥኩላት።

«አይተሽ ነበር። ለምን ዋሸሽብኝ?»

ሥዕሉን ብዙ አየችው።

«እህቴ፣ እኔ ያን ቀን ምንም አላየሁም» አለች። «የታየኝ የራሴ ሽፋሽፍት ነው። ማየት ያቃተኝ እኔ ብቻ መሰለኝና ከሰሌዳው ገለበጥኩ።»